ቀጠሮው ለምን ተቋረጠ? ከጣና ዳርቻ የተመዘገበ አንድ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ የሚኖር ወጣት የአእምሮ ሕክምናውን ሁለት ጊዜ ካቋረጠ በኋላ በሦስተኛው እንዴት ሊዘልቅበት እንደቻለ የሚመዘግብ ነው። እኔ ጸሐፊዋ በባሕር ዳር ከሚገኙት ሆስፒታሎች በአንዱ የሳይካትሪ ነርስ ስሆን፣ ጉዳዩን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተከታትዬዋለሁ። ታካሚው፣ እናቱና ታላቅ እኅቱ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ረቂቁንም አንብቤላቸው ሁለት ቦታ ላይ አርመውኛል። ዕድሜንና የቦታ ስምን ጨምሮ ማንነታቸውን ሊገልጡ የሚችሉ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ ወይም ትቻለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በታካሚው ካርድ ላይ የሰፈረ አንድ መስመር ነው። «ጸበል ስለገባ ሕክምናውን አቋርጧል» ይላል። መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው ማንንም አልጠየቅኩም። ታካሚ ከቀጠሮ ሲቀር ወደ ጸበል ሄዶ ነው የሚለው ግምት በእኛ በባለሙያዎቹ ዘንድ ሥር የሰደደ በመሆኑ፣ ሌላ ምክንያት ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ከዓመት በኋላ ምክንያቱ ሲታወቅ ግን አብዛኛው በእኛው አሠራር ውስጥ ተገኘ።

የአካባቢው ሁኔታ

የቀበሌዋ ነዋሪ በቡና፣ በጌሾና በዓሣ ይተዳደራል። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ የየብሱ መንገድ በክረምት ይበላሻል። ሕዝብ የሚጭን ጀልባ የሚነሣው በገበያ ቀን፣ ሰኞና ቅዳሜ ነው፤ በሌላ ቀን መሄድ የፈለገ ሰው ጀልባውን በሙሉ መኮናተር አለበት። በቀበሌዋ ጤና ኬላ አለ። ጤና ጣቢያው ደግሞ በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ይርቃል።

የአእምሮ ሕክምና በአገራችን ለረጅም ዓመታት አዲስ አበባ በሚገኘው በአማኑኤል ሆስፒታል ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. ላሉት ዓመታት የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አቅጣጫ ሰጠ። ለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ኤም.ኤች.ጋፕ የተሰኘው ፕሮግራም መሣሪያ ሆነ፤ ፕሮግራሙ ስፔሻሊስት ያልሆኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ዋና ዋናዎቹን የአእምሮ ሕመሞች እንዲለዩና እንዲያክሙ የሚያስችል መመሪያ አለው። አካሄዱ ከንቱ ተስፋ አይደለም፤ በጉራጌ ዞን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ታካሚዎች በጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚያገኙት ክትትል ከሳይካትሪ ነርስ ከሚያገኙት የማያንስ መሆኑን አሳይቷል።

ሥልጠና መስጠትና አገልግሎት መጀመር ግን አንድ አይደሉም። በምንነጋገርበት ጤና ጣቢያ አንድ ነርስ ሥልጠናውን ወስዶ ነበር፤ መመሪያውም በመሳቢያው ውስጥ ነበረ፤ ነገር ግን በመዝገቡ ላይ አንድም የአእምሮ ሕመም ታካሚ አልነበረም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በ1995 ዓ.ም. በ16 ፓኬጆች ሲጀመር የአእምሮ ጤና ራሱን የቻለ ፓኬጅ ስላልነበረው፣ የጤና ኬላዋ ባለሙያ ወባን፣ ክትባትንና የእናቶችን ጤና ስትከታተል የኖረች እንጂ በሰንሰለት ስለታሰረ ሰው ሪፖርት እንድታደርግ የጠየቃት ማንም አልነበረም።

የታካሚው ታሪክ

ወጣቱ ሕመሙ ሲጀምረው 22 ዓመቱ ነበር። ከአጎቱ ጋር ዓሣ ያጠምዳል፤ መረብ በመጠገንም ሥራው የተመሰገነ ነበር። በመጀመሪያ እንቅልፍ አጣ፤ ቀጥሎ ብቻውን ማውራት፣ ሰዎች ሊመርዙኝ ነው ብሎ ከቤተሰቡ ጋር አለመብላት፣ በሌሊት ወጥቶ ወደ ሐይቁ መሄድ አመጣ። ከውኃው ውስጥ ስሙን የሚጠሩ ድምፆች ይሰማው እንደነበር ኋላ ነግሮኛል። ቤተሰቡ ድግምት ተደርጎበታል ብሎ በአካባቢው ወደሚገኝ ጸበል ወሰደው። በዚያም ሳለ አንድ ሌሊት ከሐይቁ እስከ ደረቱ ገብቶ በመገኘቱ እግሩ ላይ ሰንሰለት ገባ። ሰንሰለቱን ገዝተው ያመጡት እናቱ ናቸው። ይህን ሲነግሩኝ አልተሸማቀቁም፤ «ጭካኔ እንዳይመስልሽ፤ ከሐይቁ የሚያስጥለው ሌላ ነገር አጥቼ ነው» አሉኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም።

በ2013 ዓ.ም. ታላቅ እኅቱ ከጸበሉ አውጥታ ወደ ሆስፒታል አመጣችው። ወባ፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ ቂጥኝና የደም ስኳር ተመርምሮ አካላዊ መንስኤ ስላልተገኘ ሕመሙ ስኪዞፍሬንያ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ሐሳብን የሚያዛባ ጽኑ የአእምሮ ሕመም፣ ተባለ። ተኝቶ ሃሎፔሪዶል የተባለውን ጽላት መውሰድ ጀመረ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ድምፆቹ ቀነሱ፣ ከሰው ጋርም መብላት ጀመረ። የአንድ ወር መድኃኒት ተሰጥቶት ከወጣ በኋላ ሁለት ቀጠሮ መጥቶ ቀረ። ከወራት በኋላ አገረሸበትና ወደ ጸበሉ፣ ወደ ሰንሰለቱም ተመለሰ። በ2014 ዓ.ም. ይኸው በሙሉ ተደገመ፤ ያው መድኃኒት፣ ያው የቀጠሮ ቀን፣ ያው ውጤት። የእኔ መስመር በካርዱ ላይ የሰፈረው በዚህ ጊዜ ነው።

ምክንያቱ የታወቀበት መንገድ

በ2015 ዓ.ም. ለድጋፋዊ ክትትል ወደ ጤና ጣቢያው በሄድኩበት ወቅት እኅቱን አገኘኋት። ለምን ወደ ጸበል እንደመለሱት ስጠይቃት፣ «ሲስተር፣ ጸበል የገባው እኮ መድኃኒቱን ከተወ ሁለት ወር ቆይቶ ነው» አለችኝ። የነገሩ ቅደም ተከተል በእኔ ካርድ ላይ ተገልብጦ ነበር ማለት ነው። በማግሥቱ አብረን ወደ እሱ ሄድን። እግሩ በሰንሰለቱ ቆስሏል፤ ሐሳቡ ቢበታተንም ለምን መድኃኒቱን እንደተወ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ግን የተሟላ ነበር።

«እጄ መቅዘፊያ አልይዝ አለኝ። መረብ ስጠግን ጣቴ ይንቀጠቀጣል፤ ምራቄ ይዝረከረካል፤ ሰው ሰክሯል ይለኛል። እናንተ ደኅና ሆነሃል ትላላችሁ፤ እኔ እንጀራ የምበላበት እጅ አጣሁ።»

የገለጸው ሃሎፔሪዶልና መሰሎቹ የሚያስከትሉት የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ጡንቻ ይገትራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅስቃሴን ያዘገያል። መጠኑን በመቀነስ፣ መድኃኒቱን በመለወጥ ወይም ትራይሄክሲፌኒዲል በመጨመር ሊታከም ይችላል። ይኸው ማርገቢያ ታዞለት ነበር፤ ነገር ግን በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ስላልነበረ ከውጭ ግዙ ተባሉ፤ ቤተሰቡም ዋናው እስካለ ድረስ ተጨማሪው ቢቀር አይጎዳም ብሎ ተወው። ዋናውና ተጨማሪው ምን እንደሚሠሩ ለይቶ የነገራቸው አልነበረም። በሁለቱ ቀጠሮዎች የተጠየቀው «ድምፅ ትሰማለህ? እንቅልፍ ትተኛለህ?» የሚል ነበር። ስለ እጁ ማንም አልጠየቀውም፤ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ እጁን ዘርግቶ ማሳየት ብቻ ይበቃው ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የቀጠሮው ቀን ነበር። የክፍላችን የክትትል ቀን ረቡዕ ሲሆን ጀልባው የሚመጣው ሰኞና ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ለአሥር ደቂቃ ቀጠሮ ሰኞ መጥተው እስከ ቅዳሜ በከተማው ማደር ነበረባቸው፤ በቡና ለቀማ ወቅት ደግሞ ይህ ጨርሶ የማይቻል ነው። በተጨማሪም በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ለመታከም መጀመሪያ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ማጻፍ ያስፈልግ ስለነበር መንገዱ እጥፍ ሆነባቸው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመጀመሪያ የሠራነው መድኃኒቱን መለወጥ ነው። ከሆስፒታሉ ሐኪም ጋር ተማክረን ሪስፔሪዶን በትንሽ መጠን፣ ማታ ማታ፣ ቀስ በቀስ እየጨመረ እንዲወስድ ተወሰነ። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋው ፍሉፌናዚን ለሩቅ ታካሚ እንደሚመች አውቃለሁ፤ ነገር ግን ያንኑ መገተርና መንቀጥቀጥ በብርቱ ሊያመጣ ስለሚችልና ሰውየው ያቋረጠው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ አልመረጥነውም። ጀልባ ላይ የሚሠራን ሰው ሕክምና ስንመዝን እጁን ከምልክቶቹ እኩል መቁጠር ይገባን ነበር። የእግሩ ቁስል ታከመ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ተወጋ።

ቀጥሎ ክትትሉን ወደ ጤና ጣቢያው ማዛወር ነበረብን፤ በዚያ ግን መድኃኒቱ የለም። የሌለበትን ምክንያት የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ በቅጹ ላይ አሳየን። በየሁለት ወሩ የሚሞላው የመድኃኒት መጠየቂያ የሚሰላው ባለፈው ጊዜ በወጣው መጠን ነው፤ ያልወጣ መድኃኒት አይጠየቅም፣ ያልተጠየቀ አይመጣም፣ ያልመጣውን ደግሞ የሚወስድ ታካሚ አይኖርም። ክቡን ለመስበር የመጀመሪያውን የሁለት ወር መድኃኒት ከሆስፒታሉ በሕጋዊ ርክክብ አዛወርን። በሚቀጥለው ቅጽ ላይ ፍጆታ ስለተመዘገበ ጤና ጣቢያው በራሱ መጠየቅ ቻለ። ይህን አነስተኛ የሚመስል ሥራ ከሁሉ አስበልጬ የማየው ብዙ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሌላቸው በዚሁ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ስለማምን ነው።

ሦስተኛው ሥራ ከጸበሉ ጋር መስማማት ነበር። የመጀመሪያው ሙከራችን ከሸፈ። ነጭ ጋውን ለብሰን፣ ከወረዳው ደብዳቤ ይዘን፣ ሦስት ሆነን ሄድን፤ አጥማቂው አባት በትሕትና ተቀብለው ምንም ሳይሉ ሸኙን። ሁለተኛ ጊዜ እኅቱና የቤተሰቡ የነፍስ አባት ብቻ ሄዱ፤ እኔ ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኩ። አጥማቂው ያን ጊዜ «ልጄ፣ እኛ መድኃኒቱን ጣሉ አላልንም። ጸበሉ በባዶ ሆድ ነው፤ የእናንተ እንክብል ከምግብ በኋላ ነው። ሕዝቡ ሁለቱ አይገናኙም የሚለው ከዚህ ተነሥቶ ነው» አሉ። ስለዚህ የተነጋገርነው ማን ይፈውሳል በሚለው ላይ ሳይሆን በሰዓት ላይ ነበር። ጸበሉ ጠዋት፣ ጽላቱ ማታ ከእራት በኋላ እንዲሆን ተስማማን። ማታ መሆኑ በጾም ወራትም ቀጠሮውን ሳያፋልስ ያስኬደዋል። በኋላም አጥማቂው ራሳቸው ማታ ማታ «እንክብልህን ዋጥክ?» ብለው ይጠይቁት ነበር።

ሰንሰለቱ በአንድ ቀን አልወለቀም። እናቱ እምቢ ያሉበት ምክንያት ሐይቁ ስለነበር፣ ሰንሰለቱ ይሠራ የነበረውን ሥራ የሚተካ ነገር ማቅረብ ግድ ሆነ። አጎቱና የእኅቱ ባል እየተፈራረቁ ከእሱ ጋር ማደር ጀመሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ቀን ቀን ለጥቂት ሰዓታት፣ ቀጥሎ ቀኑን ሙሉ፣ ከወር በኋላ ሌሊትም ተፈታ። በመካከሉ አንድ ሌሊት ስለተረበሸ እናቱ መልሰው አስረውት ነበር፤ ጠዋት ራሳቸው ደውለው ነገሩኝና ሳንወቃቀስ እንደገና ጀመርን።

አራተኛው ተራ ደብተር ነው። የታካሚው ስም፣ የሚመጣበት ቀን፣ የእኅቱና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስልክ ይጻፍበታል። ቀኑ ካለፈ በሦስተኛው ቀን ይደወላል፤ በሳምንቱ ካልመጣ ባለሙያዋ ቤቱ ትሄዳለች። ቀጠሮውም ጤና ጣቢያው ባለበት የገበያ ቀን፣ ማለትም ቤተሰቡ ለማንኛውም በሚመጣበት ቀን ሆነ።

ሥራውን በተመለከተ፣ ሪስፔሪዶንም ድብታ ሊያመጣ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ዳር ላይ ተቀምጦ መረብ እንዲጠግን እንጂ ጀልባ ላይ እንዳይወጣ፣ ከዚያም በኋላ ብቻውንና በሌሊት ወደ ሐይቁ እንዳይገባ ተስማምተናል።

የተሳካው

መድኃኒቱ ከተለወጠ በሁለተኛው ወር እጁ ጸና። ከሁሉ በፊት ለውጡን ያየው አጎቱ ነው፤ የጠገነው መረብ ቋጠሮው እኩል መሆኑን አይቶ ነገረን። በዓመቱ ውስጥ ከአንድ ቀጠሮ በቀር አልቀረም፤ የቀረውም ሲደወልለት በአራተኛው ቀን መጣ። በ2016 ዓ.ም. በክልሉ በተከሰተው ግጭት ምክንያት መንገድ በሚዘጋባቸው ሳምንታት ወደ ባሕር ዳር መምጣት ባልተቻለ ጊዜ፣ ጤና ጣቢያው ያከማቸው መድኃኒት አልተቋረጠም። ክትትሉ በሆስፒታል ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛ ማገርሸት ይከተል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሙሉ በሙሉ ድኗል አልልም። ድምፆቹ አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ ክብደት ጨምሯል፤ በሠርግና በማኅበር ላይ አሁንም የሚሸሹት ሰዎች አሉ። እሱ ግን ራሱ በሚሰጠው መለኪያ፣ ከዓሣው ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ያልተሳካው

የሠለጠነው ነርስ በሰባተኛው ወር ተዛወረ። የተተካችው ነርስ ሥልጠናውን አልወሰደችም፤ የአእምሮ ሕመም ታካሚ ትፈራ እንደነበርም በግልጽ ነግራኛለች። ለሁለት ወራት ያህል ታካሚው ከመድኃኒት ቤቱ ጽላቱን ተቀብሎ ከመሄድ በቀር ማንም አላነጋገረውም። በዚሁ ጊዜ እንቅልፍ አጣ። ያዳነን ቀደም ሲል ለእኅቱ የነገርናት ምልክት ነው፤ ሦስት ሌሊት ካልተኛ ደውይ ብለናት ስለነበር ደወለች፤ መጠኑ ተስተካክሎ ሰንሰለት ሳያስፈልግ ተረጋጋ። ነገር ግን ሥርዓቱን የተካችው የእኅቱ ንቃት እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ እንዲህ ያለች እኅት የሌለው ታካሚ ይጠፋ ነበር።

በስልክ ለጤና ጣቢያው እሰጠው የነበረው ምክርም ኔትወርክ በሚጠፋበት ጊዜ ለሳምንታት ተቋርጧል። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሰጠነው የአንድ ቀን ገለጻ ፍሬ አላፈራም፤ የቀበሌዋ ባለሙያ የተማረችው አብራን ሁለት ቤት ከዞረች በኋላ ነው። የቤተሰቦች መመካከሪያ ስብሰባ ጠርተን ሦስት ቤተሰብ ብቻ መጣ፤ በአደባባይ መቀመጥ ልጄ ያበደ ነኝ ብሎ መናገር እንደሚሆንባቸው አስቀድመን ልናውቅ ይገባን ነበር። የጤና መድህን አባልነታቸውም የእድሳቱ ወቅት ስላመለጣቸው አንድ ዓመት ተቋርጦ ከኪሳቸው ከፍለዋል። ደብተራችን ቀጠሮን ይከታተል ነበር እንጂ የመድህን እድሳትን አይከታተልም ነበር፤ አሁን ተጨምሯል።

ለሌላ ቦታ የሚሆኑ ትምህርቶች

ሕክምና ያቋረጠን ሰው ምክንያቱን ከራሱ አፍ መስማት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ሕመሙ የጸናበት ሰው እንኳ ስለ ሰውነቱ የሚናገረው ሊታመን ይገባል። በክፍላችን ካርድ ላይ አሁን «አቋርጧል» ከሚለው ቃል ጎን የተጠየቀው ሰውና የሰጠው መልስ ይጻፋል። በእያንዳንዱ ቀጠሮም እጁን እንዲዘረጋ፣ ጥቂት እርምጃ እንዲራመድ እንጠይቃለን፤ ይህ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ጤና ጣቢያ ላይ አገልግሎት ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ከሥልጠናው እኩል የመድኃኒት መጠየቂያውን ቅጽ ይመልከት። የሚሠለጥኑት ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ታካሚው በየወሩ በእርግጥ የሚያገኘው እሱን ነው። ከጸበል ጋር የሚደረግ ውይይት በሃይማኖትና በሳይንስ ላይ ሲሆን አይቋጭም፤ በሰዓት፣ በምግብና በሚያድር ሰው ላይ ሲሆን ይቋጫል። ሰንሰለት ይፈታ ከማለት በፊት ሰንሰለቱ ከምን እየጠበቀው እንደሆነ ለእናቱ ይጠየቅ።

በዚህ ጽሑፍ ጊዜ ደብተሩ ላይ ዘጠኝ ታካሚዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል ሴቶች ሁለት ብቻ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እንደምትለው የታመመች ሴት ልጅ ወደ ጸበልም ሳትወሰድ በጓዳ ትቀመጣለች፤ የትዳሯ ነገር ስለሚያሳስብ ቤተሰቡ ለጎረቤት እንኳ አይናገርም። ወንዶቹን ያገኘናቸው በጸበሉ በኩል ስለሆነ ያው መንገድ ወደ እነዚህ ሴቶች አያደርሰንም። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ባለሙያዋ ለክትባትና ለእርግዝና ክትትል ቤት ለቤት ስትዞር ሁለት ጥያቄዎችን ለእናቶች ብቻቸውን እንድታቀርብ ተስማምተናል፤ ጥያቄዎቹን የምትጽፈው እሷ ራሷ ናት።